እኔ በሌለሁበት

ውድ ዶክተር ኦንዲና፣

ተናድጃለሁ። ከሰላምታ በፊት ይህን የምጽፈው «መጀመሪያ የሚሰማሽን ተናገሪ» እያልሽ ያስለመድሽኝ አንቺው ስለሆንሽ ነው። «አንቺ በይኝ» ያልሽኝም አንቺ ነሽ እንጂ፣ ዛሬስ «እርስዎ» ልልሽ ከጅሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ወደ አእምሮ ጤና ማዕከላችን ስመጣ ቢሮሽ ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ተቀምጦ አገኘሁ። ነርሷን ፉልቪያን ጠየቅኳት።

«ጡረታ ወጣች እኮ። ግራዶ ከተማ፣ እህቷ ጋ ገብታለች።»

«መቼ ተወሰነ?»

«ከፋሲካ በፊት። እንዳትታመሚብን ብለን ነው ዝም ያልነው። እሷም ‹ኒቬስ ለጊዜው አትስማ፣ ትሰበራለች› ብላ ነበር።»

«ተሰብስባችሁ ስትወስኑ እኔ የት ነበርኩ?»

ፉልቪያ አቀረቀረች። «ወጥ ቤት። ድንች ትልጪ ነበር።»

ወንድሜ ሊቪዮ ጎትቶ ያመጣኝን ቀን ታስታውሻለሽ? እንቅልፍ አጥቼ፣ ጎህ ሳይቀድ የቤቱን መጋረጃ ሁሉ እያወረድኩ የማጥብበት ሰሞን ነው። «እሷን ተያት፣ እኔ ልንገርሽ» ሲልሽ፣ «እዚህ ቤት ስለ ሰው በሌለበት አይወራም፤ እሷ ደግሞ ይኸው አለች» አልሽው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ ምን እንደምፈልግ ጠየቅሽኝ። ከአንቺ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። «መርፌዬን» አልኩሽ። ሌላ ቦታ የሰጡኝ መድኃኒት እጄን እያንቀጠቀጠው የጀልባ ሸራ መስፋት አቅቶኝ ነበር።

መጀመሪያ እንቅልፌ ተመለሰ። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ስትቀይሪው ከእኔም፣ ከሊቪዮም፣ እኔው ፈቅጄልሽ ከአሠሪዬም ጋር መክረሽ ነው። እንደገና መጋረጃ ማጠብ ከጀመርኩ ሊቪዮ እንዲነግርሽ የተስማማነውም የባቄላና የጎመን ሾርባችንን በማዕከሉ ገበታ አብረን እየበላን ነበር።

አንጀቴን ያሳረረው መሄድሽ አይደለም። ሰው ይደክማል፣ ያረጃል፣ ጡረታም ይወጣል። ሰው ያደረግሽኝ አንቺ፣ መልሰሽ እንደ እንቁላል በጥጥ መጠቅለልሽ ነው። ማልቀስማ አልቅሻለሁ። ግን ለቅሶ በሽታ አይደለም ያልሽኝ ማን ነበር? ሊቪዮም ሳምንቱን ሙሉ እየመጣ መስኮቶቼን ሲያይ ሰነበተ። «መጋረጃዎቹ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ እንዲያውም ቆሽሸዋል» ብሎ ሳቀብኝ።

ስለ መሄድሽ በሚመጣው ሐሙስ ምሳ ላይ እንድንነጋገር ጠይቄያለሁ። ወጣቱ ሐኪም ደግ ልጅ ነው፤ «ከፈለግሽ አሁኑኑ እንጀምር» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «እሷ የለችም።»

ስለዚህ ነይ። ንዴቴን ፊት ለፊትሽ ልናገረው እፈልጋለሁ። ሐሙስ ካልተመቸሽ የሚመችሽን ቀን ላኪልን። እስክትመጪ ድረስ ገበታው ላይ ወንበርሽ ባዶ ይቆያል፤ ስለ አንቺም አንድ ቃል አንናገርም።

ድንቹን እየላጠች የምትጠብቅሽ
ኒቬስ፣ ከትሪየስቴ