እኔም አሜን ብያለሁ

ደብረ ማርቆስ
የካቲት 7 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ጉልበትዎን እየሳምኩ እንዴት ከረሙ እላለሁ። ዓይንዎ እንዴት ነው? የላክሁልዎ መነጽር ተስማማዎ ወይስ እንደ ፊተኛው መስኮቱ ላይ አስቀምጠውት በዓይንዎ ነው የሚታገሉት? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እዚህ ማርቆስ ዘንድሮ ብርዱ አልወጣ ብሏል፤ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልቀጥል ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ተውኩት። ለእርስዎ ዋሽቼ አላውቅም። ደኅና አይደለሁም አባባ።

መጀመሪያ አንድ አደራ። ይህን ደብዳቤ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት፤ ለእማዬም ቢሆን ጮክ ብለው አያንብቡላት። የሚያመጣልዎ ኮንስታብል አምደሚካኤል ነው፤ የኛው አገር ሰው ነው፣ ልጅዎ መሆኔንም ያውቃል፣ እንደኛው ዝም ማለትም ያውቅበታል። ሌላም ወረቀት ይዟል። የእኔን አንብበው እስኪጨርሱ ያንን እንዳይሰጥዎ ለምኜዋለሁ። ቅዳሴ ላይ ከሆኑም ውጭ ቆሞ ይጠብቅዎታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከምደባዬ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሆኜ መመደቤን ልነግርዎ ስመጣ ፊቴን ጥዬ እንደነበር ያስታውሳሉ። እኔ ጠበቃ ነበር መሆን የምፈልገው። ድመቷ ወተት ደፋች ተብላ ስትባረር እንኳ በልጅነቴ የተከራከርኩላት እኔ ነኝ። እርስዎ ግን በግእዙ ደስ አለዎት፤ ዐቃቤ ማለት ጠባቂ ማለት ነው፣ ሕግ ጠብቂ ተብለሽ ተሹመሽ ምን ያስለቅስሻል አሉኝ። እውነት መሰለኝ። ቢሮ ስገባ ግን ሕግ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም፤ ያየሁት መዝገብ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚያሻግር ሰው ነው። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ሌላ፣ እጄ ላይ የሚወድቀው ሌላ። ያላወቅሁትን ስጠይቅ ገና ነሽ ይሉኛል፤ ሳልጠይቅ ስሳሳት ደግሞ ለምን አልጠየቅሽም ይሉኛል። ወይ ጣጣ!

ልውጣ ብል መንገድ አላጣሁም። እስከዳር፣ ያቺ ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የነበረችው፣ ለፋሲካ መጥታ በእማዬ ጠላ ራሷ የዞረባት፣ አዲስ አበባ ባንክ ቤት የሕግ ክፍል ገብታለች። ቦታ አለ፣ የፊታችን ማክሰኞ ፈተና ነው፣ ነይ እያለች በቀን ሁለቴ ትደውላለች። እዚህ ከተማ ያሉት ጠበቃ አቶ ወልደ ሩፋኤል ደግሞ ፍርድ ቤት ደጃፍ ባገኙኝ ቁጥር፣ አንቺ ልጅ፣ መክሰስ ፊት ያጠቁራል፣ ነይና ከእኔ ጋር ሥሪ ይሉኛል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲሉ እሰማዎት ነበር። እኔማ ሦስት ዛፍ ሥር ቆሜ አንዱንም ሳልወጣ አምስት ወር አለፈ።

እንዲህ ስዋልል ነው በጥር አጋማሽ አንድ መዝገብ እኔ ላይ የወደቀው። ይዞት የነበረው ነባር ዐቃቤ ሕግ ተዛወረና ኃላፊዬ ክምሩን ሲያከፋፍል ያንን ለእኔ አደረገው። አገሩን ታውቂዋለሽ፣ ሰዎቹም አይፈሩሽም አለኝ። ሽፋኑን ገልጬ የሟችን ስም አነበብኩ። ፈንታ ነው። የኛው ፈንታ፤ ጥምቀት ሲመጣ ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚዘፍነው ፈንታ።

መዝገቡ የሚለውን እንደ ወረደ ልጻፍልዎ። መስከረም 28 ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በድንበር ሣር ተጣልተው ድንበርተኛው ገዳሙ ፈንታን በጥይት ገደለው። የፈንታ ሚስት ሥራነሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሁሉንም በዓይኗ አየች። ሌላ ያየ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ገዳሙ ወደ ዓባይ ቆላ ሸሸ፤ ቆይቶም ገበያ ላይ ተያዘ። መዝገቡ የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነው። በሸሸበትና በተያዘበት መካከል የሆነውን እኔና እርስዎ እናውቀዋለን።

የገና ማግሥት ነው። እኔ ለበዓል መጥቼ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሴቶቹ መካከል ቆሜያለሁ። ገዳሙ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጥቶ ከሥራነሽ እግር ሥር ተደፋ። ሽማግሌዎቹ ደም ለማድረቅ ሦስት ወር ደክመዋል፤ እርስዎም ቆላ ድረስ በእግርዎ ወርደው ነው ያመጡት። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ትልቁ ጥርሱን ነክሷል። እሷ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችለት። እልል ተባለ፤ እኔም አለቀስኩ። እርስዎ መስቀሉን ከፍ አድርገው፣ ከእንግዲህ ይህን ደም ያነሣ፣ በሸንጎም ሆነ በዳኛ ፊት የተናገረ፣ እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን ብለው ገዘቱ። ሕዝቡ አሜን አለ።

እኔም አሜን አልኩ አባባ። አምስት ዓመት ሕግ የተማርኩ፣ ነፍስ የጠፋበት ነገር በዕርቅ እንደማይዘጋ ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት ያገኘሁ ልጅ፣ አፌን ሞልቼ አሜን አልኩ። ሕጉ ትዝም አላለኝ። ትዝ ያለኝ ትልቁ ልጇ ነው፤ ይህ ልጅ ከእንግዲህ ጠመንጃ ላያነሣ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ገዳሙ ታርቄያለሁ ብሎ ቤቱ ተመለሰ፤ በሳምንቱ ፖሊስ ያዘው፤ መዝገቡም ወደ እኔ መጣ። መናገር ያኔ ነበር። ይህን መዝገብ መያዝ አልችልም፣ የገዘቱት አባቴ ናቸው፣ እኔም እዚያው ነበርኩ ማለት ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ የኃላፊዬን በር አንኳኳሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ጠይቄ ተመለስኩ። አንድ ጊዜ ስቴፕለር ነው የጠየቅሁት። ብናገር እርስዎን አሳልፌ መስጠቴ ነው፤ ዝም ብል ነገሩ ራሱ መውጫ ያገኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ገና ነሽ ያሉኝ እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ ዕለት ችሎት ነበር። ሥራነሽ ከሏን ለብሳ ገባች፤ ማለች። ያየሽውን ተናገሪ ስላት ጨለማ ነበር፣ ማን እንደተኮሰ አላየሁም አለች። በጠራራ ፀሐይ የሆነውን! ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለፖሊስ የሰጠችውን ቃል አነበብኩላት፤ አላስታውስም አለች። ለገዳሙ የቆሙት ጠበቃ አቶ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ ጥያቄ የለኝም ብለው ተቀመጡ። ሥራነሽ ከግቢው ሳትወጣ በሐሰት መሰከርሽ ተብላ ተያዘች። ፖሊሱ ሊወስዳት ሲል በረንዳው ላይ ጠጋ ብዬ ምነው እትዬ፣ ምን ነካሽ አልኳት። ልጄ፣ አንቺም እኮ አሜን ብለሻል፣ ከጀርባዬ ነበርሽ፣ ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ አለችኝ። የተቆጣች እንኳ አትመስልም፤ የረሳሁትን ዕቃ እንደምታስታውሰኝ ሆና ነው የነገረችኝ።

ትናንት ዓርብ ኃላፊዬ ራሱ ጠየቃት፤ ቃሏን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ማን ነው ያስፈራራሽ አላት። ማንም አላስፈራራኝም፣ ተገዝቼ ነው አለች። ማን ገዘተሽ ሲላት መሬት መሬት እያየች የክህነት ስምዎን ጠራች፤ የነፍስ አባቴ ናቸው፣ ክፉ አልሠሩም አለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ልጃቸው ይቻት ብትል አልቆልኝ ነበር፤ አላለችም። በእኔ ወረቀት ላይ የአባት ስም ሆኖ ያለው የዓለም ስምዎ ነው፤ በክህነት ስምዎና በእኔ መካከል ያለውን ኃላፊዬ በምን ያውቀዋል? እሷ ታስራ እኔን ደበቀችኝ። ማታ ዳቦና ሻይ ይዤላት ብሄድ፣ ለእኔ የሚያስብልኝ አላጣም፣ አንቺ ፊትሽ ገርጥቷል፣ ብዪው ብላ መለሰችልኝ።

ኃላፊዬ ክፉ ሰው አይደለም። መንደሩ ሁሉ ገዳይን እያስታረቀ ቤቱ ካስገባው ነገ ሌላው ይገድላል፣ የሞተው ሰውስ ጠያቂ የለውም ወይ አለኝ። ልክ ነዋ። እርስዎም ልክ ነዎት፤ ግዝትዎ ባይኖር እስካሁን ሌላ ሬሳ ቀብረን ነበር። ሥራነሽም ልክ ነች። ሁሉም ልክ የሆነበት ነገር እንዴት እንዲህ ይከፋል? ኃላፊዬ ሁለት ነገር አዞኛል። ሴትዮዋ እስከ ማክሰኞ እውነቱን ካልተናገረች ክሷን እንዳዘጋጅ፤ ቄሱንም እንድጠራ።

አቶ ወልደ ሩፋኤል ነገሩን ሰምተው ኖሮ ደረጃው ላይ ያዙኝ። ለሴትዮዋ እኔ እቆምላታለሁ፣ ሥራሽን ልቀቂና አብረሽኝ ቁሚ አሉኝ። አባባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ይህንን ነበር! ወዲያው ግን ራሳቸው ተዪው፣ ለካ መዝገቡን ይዘሽዋል፣ ተቃራኒ ሆነሽ መቆም አትችይም ብለው እጄን ለቀቁኝ። አንዷን በር ከፍተው ሳልገባ ዘጉብኝ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ይፍቷት ብዬ ልለምንዎ ነበር። ግዝቱን ቢያነሡላት ትናገራለች፣ ከእስርም ትወጣለች። ከተናገረች ግን ገዳሙ ይፈረድበታል፣ ወንድሞቹ ዕርቁ ፈረሰ ይላሉ፣ ትልቁ ልጇም ጥርሱን ነክሶ ያቆየውን ያወጣዋል። አይፍቷት ብል ደግሞ ክሷን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ አባታቸውን በጥይት እናታቸውን በእኔ ብዕር ያጣሉ። እዚህ ላይ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። ምን ብዬ እንደምለምንዎ አላውቅም። ያላወቅሁትን ከልጅነቴ ጀምሮ የማመጣው ወደ እርስዎ ነውና ይኸው አመጣሁት።

እስከዳር ዛሬም ደወለች። ለፈተናው አልመጣም አልኳት። ለምን ስትለኝ ማክሰኞ ሥራ አለኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።

ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ይመጣሉ። እማዬን ይዘዋት አይምጡ። ጋቢዎን ደርበው ይልበሱ፣ ክፍሉ ይበርዳል። ወንበር አቀርብልዎታለሁ እንጂ ተነሥቼ መስቀልዎን አልሳለምም፤ ኃላፊዬ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። አይቀየሙኝ። ቃል ስንቀበል መጀመሪያ የምንጠይቀው ሙሉ ስም ነው፤ የምጠይቅዎም እኔ ነኝ። የክህነት ስምዎን ብቻ ቢናገሩ ማንም ምንም አያውቅም፤ እኔም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፋለሁ። የማላልፍ እንዳይመስልዎ፤ እንደማልፍ ስለማውቅ ነው የምጽፍልዎ። ስለዚህ የዓለም ስምዎን ይናገሩ። ከነአባትዎ ስም፣ ጮክ ብለው ይናገሩት። ሦስት ጊዜ በር አንኳኩቼ ያቃተኝን እርስዎ በአንድ ቃል ይጨርሱልኝ። ከዚያ ያባርሩኝ፣ ይክሰሱኝም፤ ቢያንስ የሥራነሽን ክስ የሚጽፈው ሌላ ሰው ይሆናል። ይህ ፍርሃት እንጂ ጀግንነት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የእማዬን ጉልበት ይማርልኝ። የሥራነሽን ልጆች ጾሙ ሳይገባ ቤት ጠርተው ያብሏቸው፤ ትልቁን አጠገብዎ ያስቀምጡት። እኔንም በቅዳሴው ያስቡኝ፣ እግዜር ይፍታሽ ይበሉኝ።

አሁን ኮንስታብሉ ሌላውን ወረቀት፣ መጥሪያውን፣ ይስጥዎት። ከላይ፣ የተጠሪው ስም በሚለው ላይ፣ የክህነት ስምዎ አለ። ከታች፣ ፊርማው አጠገብ፣ የእኔ ስም ተጽፎ ከእሱ ቀጥሎ የዓለም ስምዎ አለ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና የማን እጅ እንደሆነ አይጠፋዎትም።

ልጅዎ