ቅሬው እንግዳ ያለህ ቀን

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይ? ረጅም ስብሰባ ላይ ስትቀመጥ ከኋላህ ትራስ አድርግ ብዬህ ነበር፤ ሰው ይስቅብኛል ብለህ እንደማታደርገው ግን አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጃችን ሔለንም ደሴ ደህና ናት፣ ትደውላለች። ማሽላው ዘንድሮ አምሮበታል፤ ወፍ ካልቀደመን እንበላዋለን።

ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። በስልክ የጀመርኩትን ሁሉ "ስብሰባ ልገባ ነው" እያልክ ስለምታቋርጠኝ ነው። ነገሩ እናንተ ባሕር ዳር ዕድር ስለምትሉት ስለ ቅሬያችን ነው፤ ቅሬው ውስጥ የነበረህ ቦታ ጠፍቷል። እኔ ረጋ ብዬ እየጻፍኩ ነውና አንተም ረጋ ብለህ አንብበው።

ሰው እኮ ይወድሃል። መጀመሪያ ለክልሉ ምክር ቤት የተመረጥክ ጊዜ እስከ ውጫሌ በእግራችን ሸኝተንህ ቄሱም ሼኹም መርቀውሃል። ከዚያ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር አንተኑ መልሰን ላክን። በከንቱ አይደለም፤ ምንጩን ያስጎለበትከው፣ የጤና ኬላውን ጉዳይ በየጉባኤው እያነሳህ ያሠራኸው አንተ ነህ። ባሕር ዳር ከትመህ የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስትባል እኔም ገበያ ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄጃለሁ፤ አልዋሽህም።

የቀብር ጉድጓድ ለመቆፈር ተራህ ሲደርስ ግን አንተ የለህም። ያኔ የተነሳው ጎረቤታችን ኡበይድ ነው። "እሱ እዚያ ስለ እኛ ይናገር፤ እኔ እዚህ ስለ እሱ እቆፍራለሁ" አለ፤ ቅሬውም ተቀበለው። ክርስቲያን ሞተ እስላም ሞተ፣ የራሱንም የአንተንም ሲቆፍር ኖረ። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ "የተከበሩት የምክር ቤት አባል መጥተዋል፣ ቦታ ልቀቁ!" እያለ ለቀስተኛውን ሲያስቅ ብቻ ነው የማውቀው።

የእኛን ቅሬ ደንብ ታውቀዋለህ። ስለ አንተ የቆፈረ ሰው ሲሞት የእሱን ጉድጓድ የምታስጀምረው አንተ ነህ። የመጀመሪያዋን ዶማ ካሳረፍክ በኋላ ሌላ የሚጠይቅህ የለም።

ኡበይድ ሐይቅ ልጁ ቤት ታሞ ከርሞ ሲያርፍ አንተ ደሴ ለስብሰባ መጥተህ ነበር። በሐዘኑ መሀል እንኳ "ተመስገን፣ ቅርብ ነው" ተባለ። ስደውልልህ "እሺ፣ አመቻቻለሁ" አልከኝ። የእስላም ቀብር እንደማይቆይ የታወቀ ነው፤ ያም ሆኖ ሚስቱ አሲያ ራሷ "ትንሽ ይጠበቅ፣ ኡበይድ የሚወደው እሱን ነው" ብላ ላከች። ወንዶቹ ዶማቸውን ተደግፈው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። እኛ ሴቶቹም ከአሲያ ደጅ ሆነን እናያለን። መኪናው ብቅ ሲል ከቆፋሪዎቹ አንዱ አምሳሉ ዶማ ሊያቀብልህ ወደ ታች ሮጠ። ከመኪናው የወረዱት ግን አንድ የወረዳ ሰው ናቸው። የላክኸውን የሐዘን መግለጫ አወጡና አነበቡ። ማኅተም አለው፣ ቃሉም ያማረ ነው አሉ። ሰዉ በጨዋ ደንብ አዳመጠ፤ ከዚያ የቅሬ ዳኛው ጋሽ ሽታው ዶማውን ከአምሳሉ እጅ ተቀብለው በአንተ ፈንታ አስጀመሩ። ያን ቀን አፈርኩብህ፤ ንዴቱ ኋላ ነው የመጣው።

ቅሬው ሲሰበሰብ ይቀጡሃል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቀጡህ በወደድኩ፤ ሰው የሚቀጣው የራሱን ሰው ነው። ማንም ግን አልተቆጣም። ጋሽ ሽታው "ሰውዬው ትልቅ ሰው ሆኗል፣ በቁፋሮ ባናስቸግረው ይሻላል። ከዛሬ ጀምሮ እንግዳችን ነው፤ ሲመጣ እናከብረዋለን" አሉ። ሰዉም "አሚን" አለ። እዚያው ደውለው ሲነግሩህ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገውት ነበርና ሁላችንም ሰማንህ። "ስለ ሰጣችሁኝ ክብር ከልብ አመሰግናለሁ" አልክ። ምነው ዓለሜ፣ ደግሞ ታመሰግናለህ! ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። እኔ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ምክር ቤት ስትናገር ኖረህ የአገርህን አነጋገር ረሳኸው እንዴ? እንግዳ እኮ ዶማ አያነሳም፣ ቃሬዛ አይሸከምም፣ ጎረቤት ሲጣላም ና አስታርቅ አይባልም። ጥሩ ጥሩው ይቀርብለታል፣ ሲመሽ ይሸኛል። ቢቀርም የት ቀረ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ዘንድሮስ ልወዳደር ወይስ ይብቃኝ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ተወዳደር። ትመረጣለህ፤ ወሎ እንግዳ አያሳፍርም። ጋሽ ሽታውም ድምፃቸውን ለአንተ እንደሚሰጡ ነግረውኛል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። በቅሬው መዝገብ ቤታችን በአንተ ስም ነበር የሚጠራው፤ በእንግዳ ስም ደግሞ ቤት አይጠራም። ጋሽ ሽታው በማን ስም ይሁን ብለው ጠየቁኝ። ሔለን በስልክ "እማዬ ይቆይ፣ አባባ ይመጣል" ብላ ለመነችኝ። እኔም ብዙ አሰብኩበት። ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስለምውል ለማሰብ ይመቸኛል። ከዚያ ሄጄ "በእኔ ስም ይሁን" አልኳቸው። "ልጄ፣ በእኛ ቅሬ ሴት በስሟ የምትጠራው ባሏ የሞተባት እንደሆነ ነው" አሉኝ። "አውቃለሁ ጋሽ ሽታው" አልኳቸው።

ባለፈው እሑድ ስም ሲጠራ አዲስ የገባነው ሁለት ነበርን። መጀመሪያ አሲያ ተጠራች፤ ቀጥሎ እኔ። አሲያ እጄን ይዛኝ ነበር።

በል እንግዲህ፣ የሐይቁ እስጢፋኖስ በሄድክበት ይከተልህ፤ ከክፉ ይሰውርህ፤ ንግግርህን የሚሰማ ጆሮ አያሳጣህ። ወገብህን ብርድ አታስመታው። ወደዚህ የምትመጣ ከሆነ አስቀድመህ ደውል፣ ቤቱን አሰናድቼ እጠብቅሃለሁ።

የልጆችህ እናት