ሰባት ሰዓት ላይ ያላየኋቸው ሰው

ጥቅምት 6

ዛሬም ሁለት ነን፤ እኔና ኪሩቤል። በሽተኛ ሠላሳ ሦስት። ሦስተኛዋ ነርሳችን ያኔት ባለፈው ሳምንት ለቀቀች... አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ ገባች አሉ። ማን ይፈርድባታል? ከሱሉልታ የምመጣበት ሚኒባስ ዘግይቶ የተረኞች ርክክብ አመለጠኝ። ስደርስ የዋርዱ በር ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፏል። የሆስፒታል ማሻሻያ። «አንድ ነርስ ለስድስት ታካሚ» ይላል። ኪሩቤል አነበበውና «ታዲያ እኔ ከየትኞቹ ስድስት ጋር ልቁም?» አለኝ። ሳቅን። ሥራ ገባን።

ጥቅምት 10

ስብሰባ። የነርሶች ኃላፊያችን ማትሮን ጥሩሰው ናት የተናገረችው። ኅዳር ላይ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። የእያንዳንዱ በሽተኛ ግፊት፣ ሙቀት፣ ትንፋሽ በየአራት ሰዓቱ ተለክቶ ቻርት ላይ መስፈር አለበት። አንድም ክፍት ቦታ እንዳይገኝ።

«ነርስስ መቼ ይጨመራል?» አልኩ።

«በሂደት።»

በሂደት...

ጥቅምት 17

አልጋ ዐሥራ አንድ አዲስ ሰው ገባ። ኦቦ ጃራ፣ የጫንጮ ገበሬ። የሳንባ ምች። ኦክስጅን ላይ ናቸው። ግፊታቸውን ስለካ «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ ሰላምታ አይቀርም! የምታስታምማቸው ልጃቸው ደጊቱ ናት። የጤና መድህን አላቸው፤ መድኃኒቱ ግን እኛ ፋርማሲ የለም። ከውጭ ፈልጊ ተባለች።

ጥቅምት 19

ጽፌ ልገላገል።

ኪሩቤል ሪፈር የተባለች በሽተኛ ይዞ በአምቡላንስ አዲስ አበባ ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ። ሠላሳ አራት ሰው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኦቦ ጃራን ለካሁ፤ ደህና ነበሩ። ከዚያ አልጋ አራት ያለችውን አንዘፈዘፋት። እሷን ሳረጋጋ ሌላው ደም ማስታወክ ጀመረ። ሐኪም ፍለጋ ሮጥኩ፣ ደም ፍለጋ ሮጥኩ... ቀና ስል ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

አልጋ ዐሥራ አንድ። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ባዶ። እጃቸው ቀዝቅዟል። መቼ? ጠርተውኝ ይሆን?

ደጊቱ መድኃኒት ፍለጋ እንደወጣች ነበር። ፌስታል አንጠልጥላ ገባች። «አገኘሁት!» አለች፣ ከበሩ ላይ።

ጥቅምት 20

ማትሮን ጥሩሰው ቻርቱን ይዛ መጣች።

«ትጊ፣ የሰባት ሰዓቱ ክፍት ነው። ሙዪው።»

«አላየኋቸውማ።»

«አውቃለሁ። ክፍት ከተገኘ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። እኔም አልተርፍም።»

ሞላሁት። ግፊት 110/70። ሙቀት 36.8። ትንፋሽ 24። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ኅዳር 11

ገምጋሚዎቹ መጡ። ከመዝገብ ቤት በዕጣ ቻርት አስወጡ። አንዱ የኦቦ ጃራ! ሴትዮዋ ገጹን አገላብጣ «ክትትል ማለት እንዲህ ነው» አለች። ዋርዳችን አንደኛ ወጣ። ተጨበጨበ። ኪሩቤል እጁን ኪሱ ከተተ። እኔ አጨበጨብኩ።

ኅዳር 16

ደጊቱ የሞት ማስረጃ ልትወስድ መጣች። ቻርቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንበብ ትችላለች። ጣቷን ሰባት ሰዓት ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው?»

«አዎ።»

«አጠገቡ ነበርሽ ማለት ነው... እኔ እኮ ብቻውን ጥዬው ሄድኩ እያልኩ እህል አልቀምስ ብዬ ነበር።»

አቅፋ ሳመችኝ። «ገላቶሚ፣ ሲስተር። እግዜር ይስጥሽ።»

 ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ያለ ምርቃት ተቀብሎ ዝም የሚል?

ኅዳር 21

የጽዮን ማርያም ዕለት። ከቤተክርስቲያን በቀጥታ ጫንጮ ሄድኩ። ቤቷን ጠያይቄ አገኘሁት። ደስ አላት። ጾም መሆኑን አስታውሳ ሽሮ ልትሠራልኝ ተነሣች። ተቀመጪ አልኳት። ነገርኳት፤ ምንም ሳላስቀር።

የሽሮውን ዕቃ ወደ ጎን ገፋች።

«ለምን መጣሽ?»

«እውነቱን እንድታውቂ ብዬ...»

«አንቺን ቀለለሽ። እኔስ? ሰው አጠገቡ ነበር ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ዛሬ እንደገና ብቻውን አደረግሽው።»

ስወጣ ቀና ብላ አላየችኝም። ታክሲ ውስጥ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት ወይስ ልገላገል? እሷ ለየችው። እኔ መለየት አልቻልኩም።

ኅዳር 23

ለማትሮን ጥሩሰው በጽሑፍ ሰጠሁ። የሰባት ሰዓቱ ሐሰት ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ ብዬ። አንብባ መነጽሯን አወለቀች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር... ደክሟታል።

«ዐሥር ነርስ ጠይቄ ፖስተር ነው የላኩልኝ፣ ትጊ። ምን አድርጊ ትይኛለሽ?»



ኅዳር 29

ደብዳቤ ደረሰኝ። ጉዳዬ እስኪጣራ ከዛሬ ጀምሮ ከዋርድ ተነሥቼ ካርድ ክፍል እንድሠራ። ስለ ሲሊንደሩ፣ ስለ ሠላሳ አራቱ ሰው አንድ ቃል የለበትም። በቦታዬ የተተካ የለም። ኪሩቤል ብቻውን ነው፤ በሽተኛ ሠላሳ ስድስት።

ስምንት ሰዓት ገደማ መጣ። ላብ አጥምቆታል። የካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ቆሞ «አልጋ ሃያ ሁለት ሞታለች» አለኝ።

«መቼ?»

«እንጃ። ስደርስ...» ቻርቷን በብብቱ ይዟል። «ምን ልጻፍ?»

«አላየኋትም ብለህ ጻፍ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ከዚያ እኔንም ያነሡኛል። ዋርዱ ውስጥ ማን ይቀራል?»

 ከኋላው ካርድ የሚጠብቁ ሰዎች ቶሎ በሉ እንጂ ማለት ጀመሩ። ሄደ።

ምን እንደጻፈ አልጠየቅኩትም።