ሰባት ሚሊ ሜትር እና ስምንት ዓመት

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ዘመናትን በሚያፈራርቅ፣ እርሱ ግን ዘመን በማይቆጠርለት በእግዚአብሔር ስም፤ ድሬዳዋ ለምትኖሪው ለልጄ ለማኅሌት ሰላም ይብዛልሽ።



ቅባት በቀመስሁ ቁጥር ከቀኝ ጎድኔ ሥር የሚወጋኝ ሕመም ስለጸናብኝ ትናንት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። ምግብ ሳልቀምስ እንድመጣ አዝዘውኝ ነበር። ሐኪሟ ትርሐስ «ጾሙ አልከበደዎትም መምህር?» ብትለኝ፣ «ልጄ፣ እኔን ስለ ጾም ትጠይቂኛለሽ?» ብዬ አሳቅኋት።

በአልትራሳውንድ አየችኝ፤ በግራ ጎኔ አስተኝታም ደገመች። «ጠጠር ቢሆን ሲገላበጡ ይንከባለል ነበር። ይህ ግን ከሐሞት ከረጢትዎ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ትንሽ የሥጋ እብጠት ነው፤ ፖሊፕ እንለዋለን። ሰባት ሚሊ ሜትር ነው።» ካርዴን ተመለከተች። «ሃምሳ ስድስት ዓመት። ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እንለካዋለን፤ አይስጉ።»

አመስግኜ፣ ተራ ለሚጠብቁት «ሰባት ብቻ ነው» እያልሁ ወጥቼ ከደጅ ጫማዬን ሳስር፣ ከእኔ ቀጥለው ውጤታቸውን ሊሰሙ የገቡት የበዴሳዋ እህል ነጋዴ የወይዘሮ አሳየሽ ድምፅ ገርበብ ባለው በር ተሰማኝ።

«ቀዶ ጥገና? ለሰባት ሚሊ ሜትር? ያ መምህርም ሰባት ተብሎ በሰላም ወጣ እኮ!»

«እናቴ፣ እሳቸው ስድሳ አልሞላቸውም። ከዚያ ዕድሜ በታች ባሉ ሰዎች ላይ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ከስድሳ በላይ ሲሆን ግን ወደ ካንሰር እንዳይለወጥ ስለምንሰጋ፣ በዚህ መጠን ከረጢቱ ቢወጣ ይሻላል።»

«እሱ ነው ስድሳ ያልሞላው? ሽበቱን አላየሽም እንዴ!»

የጫማዬን ክር ለቅቄ ቀና አልሁ። ማኅሌት፣ እኔ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው።

ከቅኔ ቤት ዘግይቼ ወጥቼ የመምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ሃያ ስምንት ሞልቶኝ ነበር። ያን ያህል ዕድሜ ያለውን አይቀበሉምና ስምንት ዓመት ቀነስሁ። ባልንጀሮቼም እንዲሁ ያደርጉ ስለነበር ኃጢአት መሆኑን ረስቼው ኖርሁ። እናትሽም ሳታውቀው አረፈች።

ተመልሼ ገብቼ ነገርኋቸው። ትርሐስ ደንግጣ «መሣሪያው የሚያሳየኝ መጠኑን ብቻ ነው፤ ዕድሜዎን የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ወይዘሮ አሳየሽ ግን «አላልኩሽም!» አሉ።

በመጪው ማክሰኞ በኦቶና ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ይደረግልኛል። በቅጹ ላይ እውነተኛውን ዕድሜ በእጄ ጻፍሁ፤ ለትምህርት ቤቱም ነገርሁ። የጡረታ መውጫ ጊዜዬ ካለፈ አራት ዓመቱ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ለበረራ አስተናጋጅነት ስታመለክቺ «ከዕድሜ ገደቡ በሰባት ወር አለፍሽ» ተብለሽ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ዕድሜሽን ዝቅ አድርጎ የጻፈልሽን ወረቀት በሰው ፊት የቀደድሁት እኔ ነኝ። «ሐሰተኛ ምስክር ሳይቀጣ አይቀርም» ብዬ ጮኽሁብሽ። ይኸው ስድስት ዓመት ደጄን አልረገጥሽም። ወረቀቱ እውነት ነበረ አልልሽም፤ የቀደደው እጅ ግን ንጹሕ አልነበረም። ይቅር በይኝ።

ሐኪሞቹ ቀላል ነው ይላሉ፤ አምናቸዋለሁ። ሥራሽን ጥለሽ ነዪ አልልሽም። የምትደውዪ እንደሆነ ግን፣ ከማክሰኞ በፊት ቢሆን መልካም ነው።

የአብርሃምን ድንኳን የጎበኘ አምላክ ቤትሽን ይጎብኝ። ባለቤትሽን በጤና ያቁምልሽ፤ ዓይኔ ያላያትን ልጅሽን በጸጋ ያሳድግልሽ። አሜን።

አባትሽ መምህር ሀብተሚካኤል