የደጀን የክርስትና ስም

ለምወድሽ እኅቴ ለእታለም በለጠች፣
አጋሮ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ የአጋሮ ዝናብ ወገብሽን አልያዘውም? ዓይንሽ ታይልሻለች ወይስ ይኼንንም የምታነብልሽ የልጅ ልጅሽ መክሊት ናት? እሷ ከሆነች ጮክ ብላ ታንብብልሽ፤ ባልሽ ምትኩ ከአጠገብሽ ካለ ግን ለጊዜው ወደ ጓሮ ላኪው። እኔና ብርቱካን እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እኔን ከሳሉ በቀር የሚያመኝ የለም፤ ብርቱካንንም ከእኔ በቀር የሚያማት የለም። የልጅ ልጆቼ ደኅና ናቸው፤ ገብሱም በዝናቡ ብዛት ቢገረጣም አለ።

ያልደወልኩልሽ በስልክ ሁለት ቃል ሳንነጋገር ስለምንጣላ ነው። በወረቀት እስክጨርስ ድረስ አታቋርጪኝም።

የሰኔውን ነገር ሰምታችኋል። የክልላችን መሪ ባሕር ዳር ላይ፣ የአገሩ ጦር ኤታማዦር ሹም አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቀን ተገደሉ። እዚህ ሰው ሁሉ ሐዘን ተቀመጠ፤ ሐዘኑ ግን ሳይውል ሳያድር ክርክር ሆነ። በሳምንቱ እሑድ ደጀ ሰላም ተሰብስበን ስማቸው በጸሎት ይታሰብ ስንል፣ ጎረቤቴ ፈንታሁን ብድግ ብሎ ለክልሉ መሪ አለቅሳለሁ፣ ለጄኔራሉ ግን አላለቅስም፤ ያን ጊዜ እኛ ጉና ላይ ስንቆስል እሱ ከታጋዮቹ ወገን ነበር አለ። ሌላው ተነሥቶ ታጋዮቹ ባይመጡ ልጆቻችንን እስከ ዛሬ ለደርግ እንገብር ነበር አለው። ማን ገደላቸው፣ ማን አስገደላቸው፣ የዚያን ጊዜውን ጦርነትስ ማን ጀመረው ሲባል፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የከረመውን ውጊያ እዚያው ደጀ ሰላም ውስጥ በከዘራ ልንጨርሰው ምንም አልቀረን።

ቄስ አምላኩ ሰምተው ሰምተው፣ በቅዳሴ የዓለም ስም አይጠራምና የክርስትና ስማቸውን አምጡልኝ አሉ። ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ጠቆመ። አፌን ታውቂው የለ፤ የገዳዩን ስም የማያውቅ የለም፣ የሟቾቹን ስም የሚያውቅ ግን ጠፋ ብዬ አሽሟጠጥኩ። ሰው ሳቀ። ቄሱ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ አያ ዓለምነው፣ አንቱስ የወንድምዎን የደጀንን ያውቁታል ወይ አሉኝ።

እታለም፣ አላውቀውም።

ያረስኩባቸውን በሬዎች ስም ከነቀለማቸው እቆጥርልሻለሁ፤ የገዛ ወንድሜን የክርስትና ስም ረሳሁት። ክርስትና የተነሣ ቀን እኔ ከአባባ ጋር ይፋግ ገበያ ነበርኩ፤ አቅፈሽው ቤተ ክርስቲያን የገባሽ አንቺ ነሽ። እናታችን ሬሳውን አላየሁም ብላ ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ ፍትሐትም ሳታስፈታለት፣ በሩን በሩን እያየች አለፈች። የክርስትና አባቱም ሞቷል። ስሙን የሚያውቅ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ኃይለ ሚካኤል ይሁን ወልደ ሚካኤል፣ ግማሹ አፌ ላይ አለ ብዬ ቄሱን ብለምናቸው፣ ነፍስ በግምት አይጠራም አሉኝ።

ምትኩ ታጋይ ነበርና ደጀንን የገደለው የደርግ መድፍ ነው ይላል፤ እኔ ሚሊሻ ነበርኩና የታጋዮቹ ነው እላለሁ። በዚህ ስንት ዓመት ተኳረፍን! ደክሞኛል፣ እታለም። ምትኩ እንዳለው ይሁን፤ ለዛሬ ብቻ ነው፣ እንዳይለምድበት። መድፉ የማንም ይሁን፣ በ1982 ደጀንን ከእርሻው ላይ ና ብዬ ወደ ጉናው ጦርነት ይዤው የዘመትኩት እኔ ነኝ። ይህን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼ አልነገርኩሽም። አንቺም አልጠየቅሽኝም፤ ታውቂው ነበር መሰለኝ።

ከዚህ ጋር ባዶ ወረቀት አጥፌ ልኬልሻለሁ። ስድብሽን የፈለግሽውን ያህል በሌላ ወረቀት ጻፊው፣ አነበዋለሁ። በዚህኛው ላይ ግን ስሙን ብቻ ጻፊልኝ። ፍልሰታ ሳይገባ ከደረሰልኝ ቄሱ ፍትሐቱን ሊፈቱለት ቃል ገብተውልኛል። ጉልበትሽ ከቻለልሽማ ነይና ለቅሶውን አብረን እንቀመጥ። ምትኩንም ይዘሽው ነይ፤ ያለ እሱ ጥሉ አይደምቅም።

ብርቱካን ጉልበትሽን ትስማለች። የልጅ ልጆቼ እጅ ይነሱሻል። መክሊትን ይህን ሁሉ ስላነበበች ግንባሯን ሳሚልኝ። ምትኩንም ከጓሮ ጥሪውና ሰላም ብሎሃል በይው። ደጀንን ግን ስሙ ሲደርሰኝ እኔው ራሴ ሰላም እለዋለሁ።

ወንድምሽ ዓለምነው
ደብረ ታቦር፣ ጉና ሥር
ሐምሌ 5 ቀን 2011 ዓ.ም.