ገና ባልተወለደች ልጅ መቅናቴ

ግርማዬ፣

ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ደህና ነኝ። አዳማም ከነአቧራዋና ከነነፋሷ አለች፤ በራችንን ግን ባጃጆች መቆሚያ አድርገውብን ጥሩንባቸው እንቅልፍ ነስቶኛል። አንተ ብትኖር ወጥተህ ከሁሉም ጋር ትጣላና ተመልሰህ ከሁሉም ጋር ሻይ ትጠጣ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እስከ ዛሬ በሲፈን እቀናለሁ።

አትሳቅ። ሌላዋ ሴት ባሏ ውሽማ ሲይዝባት ትቀናለች። እኔን ያቃጠለችኝ ግን የልጃችን የናሆም የልጅ ልጅ ትሆናለች ብለህ ስም ያወጣህላት፣ ገና ያልተወለደች ልጅ ናት። ናሆም እንኳን የልጅ ልጅ ሊያይ ገና ሚስትም አላገባ! አንተ ግን ምሳ ቀርቦ ሲፈን ምን ትጠጣ ይሆን ትለኝ ነበር። እኔ ፊትህ ተቀምጬ ይጥማኝ አይጥማኝ ጠይቀኸኝ አታውቅም።

መቂ ካለው የሽንኩርት ማሳችን የወንዙን ዳር፣ ያን የመሰለ መሬት፣ ለግራርና ለወይራ ሰጠህላት። እሁድ እሁድ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ይዘኸኝ ልትሄድ ቃል ገብተህልኝ ነበር፤ እሁዶቼን ሁሉ እሷ ወሰደችብኝ። ችግኝ ልታጠጣ ስትወጣ ጫማህን እስክታስር እንኳን አትታገስም ነበር።

የግብርና ባለሙያው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያስረዳ የመቂ የማሳ ጎረቤቶቻችን ያዛጉበትን ቀን አልረሳውም። ዝናቡ እንደተዛባ፣ የጉድጓዱ ውሃ እየራቀ እንደሄደ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን የእኔ ጉዳይ ነው አላለም። ያኔ አንተ ተነሳህና፣ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት ወደ ኋላ እንቆጥራለን፣ እስቲ ዛሬ ሦስት ቤት ወደ ፊት ቁጠሩልኝ አልካቸው። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ላይ ሲደርሱ ቆጠራው ቆመ። ለሱ ስም አውጡለት አልክ። ዛፍ በመቁረጥ የሚታወቁት ኦቦ ገመቹ እንኳን ጢማቸውን እየዳበሱ ስም አወጡና በሳምንቱ ችግኝ ፍለጋ መጡ። ስሙን የምታውቀውን ሰው ማስጠማት ይከብዳል ትለኝ ነበር። የሰው ሆድ እንዲህ የሚገባህ ሰው የሚስትህ ሆድ እንዴት አልገባህም?

ዘንድሮ ሽንኩርት ተወደደ። ማሳውን የተከራየው ሰውዬ "እትዬ፣ ዛፎቹን እናንሳቸውና መሬቱን እናስፋው" አለኝ። ናሆምም እንደፈለግሽ አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። በመጨረሻ ጣውንቴ እጄ ላይ ወደቀች። መቂ የወረድኩት እሺ ልል ነው።

ስደርስ ኦቦ ገመቹ ያንተን ዛፎች ሲያጠጡ አገኘኋቸው። "አካም ጅርቱ፣ የሲፈን ቅድመ አያት!" አሉኝ። ከዚያ ጥላውን እያሳዩ፣ "እዚህ ቁጭ ብላ ማን ተከለው ስትል፣ ግርማ ይሏታል" አሉ።

እኔስ?

ጭቃ የለበሰ ሱሪህን ያጠብኩት፣ የእሁድን ምሳ ብቻዬን የበላሁት እኔስ? ዛፎቹ ቢቆረጡ የሲፈን ጥላ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። እኔም በዚህ ምድር እንደነበርኩ የሚነግራት አይኖርም። ሰውዬውን እምቢ አልኩት። ደግነት እንዳይመስልህ፣ ቅናት ነው። በማግስቱ የወይራ ችግኝ ገዝቼ ካንተ ዛፎች ፊት፣ መንገዱ መግቢያ ላይ ተከልኩ። ኦቦ ገመቹንም ለልጅ ልጆችዎ ይንገሩልኝ፣ ይቺን የተከለቻት አለሚቱ ናት አልኳቸው። አሁን እሁድ እሁድ እዚያው ነኝ።

አንተን እስክሞት አልረሳህም። ላንተ ዛፎችም ውሃ አላጓድልም፤ የራሴን ግን አስቀድማለሁ። ሞቼ አጠገብህ የመጣሁ ቀን ጠጋ በልልኝና አብረን ጆሯችንን እንጥላለን፤ ሲፈን መጀመሪያ የማንን ስም እንደምትጠራ እንሰማለን።

ሚስትህ አለሚቱ