ጅቡ በአካል ይቅረብ ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የቀረጻ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ፣
አራዳ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር «ለሻይ ወጥተዋል» ስለምባል፣ ይህን ያህል ሻይ ጨጓራዎን እንዳይጎዳብን ከልብ እሰጋለሁ። እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ወንበርዎንም እስኪመለሱ ድረስ እንዲሁ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ እኔ ማኅሌት ነጋሽ፣ የመጨረሻ ዓመት የፊልም ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ከቃለአብና ከኢክራ ጋር የአሥራ አንድ ደቂቃ አኒሜሽን ፊልም ለመመረቂያችን ሠርተናል። የሠራነው ጌም ኢንጂን በሚባለው፣ የቪዲዮ ጌሞች በሚሠሩበት ፕሮግራም ነው። ቤቱንም፣ መንገዱንም፣ ዝናቡንም ኮምፒውተር ውስጥ እንገነባለን፤ ከዚያ እንደ ጌም እየተዘዋወርንበት ፊልሙን እናወጣለን። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ጅብ የፊት ጥርሱ ይወልቅበትና የወርቅ ጥርስ ለማስተከል ከእንጦጦ ወደ ፒያሳ ይወርዳል። ወርቅ ቤቶቹ ሁሉ በር ሲዘጉበት አንዲት ልብስ ሰፊ ወደ ቤቷ ታስገባዋለች።

የልብስ ሰፊዋ ቤት የእትዬ ዘቢደር ቤት ነው። እትዬ ዘቢደር ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ፣ የእንጨት ደረጃ በነበረው ቤት፣ አርባ ዓመት የሙሽራ ልብስ ሰፍተዋል። ቤቱ ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ቃለአብ ቤቱን የገነባው ከአምስት ፎቶግራፍና ከእሳቸው ትዝታ ነው። የጅቡም ድምፅ የእሳቸው ነው፤ ኢክራ የልብስ ሰፊዋን ድምፅ ልትቀዳ ሄዳ ሳለ ለቀልድ እንደ ጅብ ጮኹ፣ እኛም ተዋናይ መፈለጋችንን ያን ዕለት አቆምን። ዓይናቸው ግን በየወሩ እየደከመ ነው። ሐኪማቸው «ማየት የሚፈልጉትን ነገር አያቆዩ» ብሏቸዋል። ለትርዒቱ የተከራየነው አዳራሽ ደግሞ ከእርስዎ ክፍል ወረቀት ካላመጣን ቅዳሜ በሩን እንደማይከፍት ነገረን። ወደ እርስዎ ያመጣን ይኸው ነው፤ ስላደረጉልን ሁሉም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. «የካሜራው መለያ ቁጥር» የሚለውን ቦታ ባዶ ብንተወው ቅጹን መልሰውልናል። ካሜራ የለም ብንልዎ «ያለ ካሜራ ፊልም፣ ያለ በሬ እርሻ ነው» አሉን። ቃለአብ የኮምፒውተሩን ማውዝ ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ቢጽፍልዎ ግን ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበሉት። ማውዙ ከዚያ ቀን ወዲህ ኩራት ይዞት ሥራ አስቸግሯል።

፪. ጌም የሚለውን ቃል ሲሰሙ «ፑል ነው ወይስ ጆተኒ?» ብለው ወደ ሌላ መስኮት መሩን። ከፑል ቤትና ከጆተኒ ቤት ባለቤቶች ጋር ሦስት ሰዓት ተሰለፍን። ነገሩ በከንቱ አልቀረም፤ ኢክራ ከፊቷ የቆመውን ሰውዬ ሳቅ አስፈቅዳ በስልኳ ቀድታ በፊልሙ ውስጥ ላለው ወርቅ ሠሪ ሰጥታዋለች።

፫. የልብስ ሰፊዋን ቤት ካርታ ጠየቁን። ቤቱ ፈርሷል አልንዎ። እርስዎም ጥቂት አስበው «ከፈረሰ እንዴት አሳያችሁት? እናንተ ከሠራችሁት ደግሞ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው» አሉ። ኮምፒውተር ውስጥ ሕገ ወጥ ግንባታ በማካሄድ ስንጠረጠር የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም፤ ለክብሩ እናመሰግናለን። ቃለአብማ ለእናቱ ሳይቀር ደውሎ ነግሯቸዋል።

፬. ይህ ከሁሉ ይበልጣል። «ዋና ተዋናይ፦ ጅብ» ከሚለው መስመር አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «መታወቂያውን ይዞ በአካል ይቅረብ» ብለው ጻፉ። ሐሙስ ጠዋት በአካል አቀረብንልዎ። እትዬ ዘቢደር ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከኮንዶሚኒየማቸው ሁለት ታክሲ ለውጠው፣ ሦስቱን ፎቅ በእኔ ትከሻ ተደግፈው ወጡ። ያን ዕለት ሻዩን ቢሮዎ ውስጥ ነበር የሚጠጡት። ከመነጽርዎ በላይ አይተዋቸው «ጅቡስ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ዘቢደር፤ ከዚያም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ጮኹ።

የሆነውን አልዘረዝርም፤ ነበሩበትና። የሻዩ ብርጭቆ የት እንደወደቀ፣ ጥበቃው ዱላውን ይዞ ስንት ደረጃ በአንዴ እንደዘለለ፣ ከታች ያሉት ባለጉዳዮች ለምን እንዳጨበጨቡ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን እርስዎን የማደንቀው ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። እስክሪብቶዎን አንስተው፣ «ጅቡ ሴት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁና «ጾታ» የሚለውን አስተካከሉ። እትዬ ዘቢደርም «ጅብ ሲጮህ ከመሸሽ ይልቅ ጾታውን የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። ከደረጃው ስንወርድ ሳቅ እግራችንን ስላሰረው በየፎቁ እየተቀመጥን ነበር። ታች ደርሰን ቅጹን ስናየው ግን «ሰኞ ይመለሱ» ይላል። ትርዒታችን ቅዳሜ ነበር። ኢክራ መሳቋን ሳታቆም ማልቀስ ጀመረች።

አዳራሹ እንዳለውም አልከፈተም። ጊዮርጊስ አጠገብ ኬክ ቤት ያላቸው ጋሽ ተስፋሁን ታሪካችንን ሰምተው «የእኔ ግድግዳ ፈቃድ አይጠይቅም» አሉና፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት መስኮቶቹን በጠረጴዛ ልብስ ሸፈኑልን። ሠላሳ ወንበር ባለው ቤት መቶ ሰው ገባ። የተረፈው ከደጅ ሆኖ ውስጥ ያሉት በሳቁ ቁጥር «ምን ሆነ? ምን አለ?» ይል ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ቃለአብ ጆይስቲኩን ለእትዬ ዘቢደር ሰጣቸው። ፊልማችን የተሠራው በጌም ፕሮግራም ነውና ሰው እንደፈለገ ሊዘዋወርበት ይችላል። ወደ ግድግዳው ተጠጉ። መጀመሪያ ጅቡን ከስልክ እንጨት ጋር አጋጩት፣ ቀጥሎ ወርቅ ቤት መስታወት ውስጥ ይዘውት ገቡ፤ ኬክ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ቀስ በቀስ ግን ለመዱትና የገዛ ቤታቸውን ደረጃ መውጣት ጀመሩ። አራተኛው ላይ ቆሙ።

«ይኼ ደረጃ ይጮህ ነበር» አሉ።

ኢክራ ዘወር ዘወር ብላ የኬክ ቤቱን አሮጌ ወንበሮች አንድ በአንድ ስትፈትሽ ሲጥ የሚለውን አገኘች። ድምፁን ቀዳች፤ ቃለአብ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ደረጃው ላይ አስገባው። እትዬ ዘቢደር ወደ ታች ወርደው እንደገና ወጡ። አራተኛው ደረጃ ሲጥ አለ። ሦስት ጊዜ ወረዱ፣ ሦስት ጊዜ ወጡ። ከዚያ በሩ ላይ ደርሰው፣ ፊታቸው ግድግዳውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ «እሱ ነው። ራሱ ነው» አሉ። ጆይስቲኩን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ለማንም አልሰጡም፤ የጠየቃቸውም የለም።

የእርስዎ ፈቃድ ከትርዒቱ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደርሶናል። «አንዲት ሴት ጅብ፣ በገመድ ታስራ፣ ከቤት ውጭ እንድትቀረጽ ተፈቅዷል» ይላል። ለእትዬ ዘቢደር አንብበንላቸዋል። በመስታወት አስገብተው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ጮክ ብለው ያስነብቡታል።

እነሆ፣ ሰላምታዬ ማኅተም ባይኖረውም፣ ሦስት ኮፒ ባይሆንም፣ በመዝገብ ቤት በኩል ባያልፍም፣ እንዲያው በቀጥታ እንዲደርስዎ እየተመኘሁ፣ ለዘለዓለም ተራዬን የምጠብቅ፣

የእርስዎ ትሑት ባለጉዳይ
ማኅሌት ነጋሽ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ በስድስተኛው ደቂቃ ላይ ጅቡ ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ይሰለፋል። በፕሮግራሙ ብልሽት ምክንያት ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ጀርባውን እንደሰጠ ይቀራል፤ ቢጠሩትም አይዞርም። ቃለአብ ሦስት ሳምንት ታግሎ ሊያስተካክለው አልቻለም። ተመልካቹ ግን በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ እውነት የሚመስለው እሱ ነው ስላለን፣ እንዳይነካ ወስነናል።